ጥቁሩ ኮምፒውተር በሳፋ የተለወጠ ሰሞን

ጠጋ በሉማ! በአጥር ቀዳዳ የታየ ነው፣ አንዲት ቃል አልተጨመረችበትም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንጓች የምትባል ታይፒስት አለች፤ የወረዳውን ደብዳቤ ስትጽፍ ኖራ ጡረታ የወጣች። ቢሮው አሮጌ ኮምፒውተር ባስወገደ ቁጥር ለምና ቤቷ ታስገባለች፣ ዳንቴል ታለብሰዋለች።

ኮምፒውተርን የሚያነቃው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሉት ነገር አለ አሉ፤ በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል። በተቀየረ ቁጥር አንጓች እንደ አዲስ ምራት ትሆናለች፤ ጨው የት እንደተቀመጠ የማታውቅ። መጀመሪያ ጥቁሩ ነበር፤ ሥዕል የለው ማውስ የለው፣ በጽሑፍ ካላዘዙት ንቅንቅ የማይል። ቀጥሎ ግራጫው መጣ፤ አንጓች ማውስ ስትገፋ ስትገፋ ጠረጴዛው አልቆባት ግድግዳ ላይ የወጣችው ያኔ ነው። ከዚያ አረንጓዴ መስክ የሚያሳየው፤ የአባቷን ግጦሽ ስለሚመስላት ጠዋት ጠዋት «ደህና አደርክ?» ትለው ነበር። አሁን ያለችው ቀጭኗ ናት፤ ሰው ሲቸኩል «ልታደስ ነው፣ ጠብቂኝ» የምትል።

ታዲያ አንጓች የፈለገችው አንዲት ወረቀት ብቻ ነው። ልጇ ትርንጎ እሁድ ልትዳር፣ አርብ ጠዋት የሙሽራው ሽማግሌዎች ከተፍ አሉ። ትልቁ ሽማግሌ አያ ቢረሳው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«እንግዳሸት የሚባል ሰው በእኛም ዘር አለ፣ በእናንተም አለ አሉ። ሰባት ቤት ተቆጥሮ ካልጠራ አንመርቅም» አሉ።

ኧረ ጉድ! ድግሱ ተጥዶ! ዘሩን የሚያውቁት የትርንጎ አያት አባ ይርጋ ሞተዋል። ግን በሕይወት ሳሉ እያንዳንዱን ስም እየጠሩ አንጓችን አስጽፈዋታል፤ እሷም ያኔ በጥቁሩ ጽፋ ዲስኬት ላይ አኑራዋለች።

ዲስኬቱን ይዛ ወደ ቀጭኗ ሮጠች። ቀጭኗን ብታገላብጣት ብታገላብጣት የዲስኬት አፍ የላትም። «በፍላሽ ካልሆነ አላይም» አለች። ቀጭኗ አላይም አለች፣ ወረቀቱ ካልወጣ ሽማግሌዎቹ አንመርቅም አሉ፣ ትርንጎም እንደተኳለች ቀረች።

ወደ አረንጓዴው ሄደች። አረንጓዴው ለዲስኬትም ለፍላሽም አፍ አለው፤ ዋጠውና ስክሪኑ ላይ ሳጥን ብቻ ደረደረ፣ ሳጥን በሳጥን! «ይህን ፊደል አላውቅም፤ ግራጫው ካልቀየረልኝ አላቀብልም» አለ። አረንጓዴው አላቀብልም አለ፣ እሱ ካላቀበለ ቀጭኗ አላይም አለች፣ ወረቀቱ ካልወጣ ሽማግሌዎቹ አንመርቅም አሉ፣ ትርንጎም እንደተኳለች ቀረች።

ወደ ግራጫው ሄደች። ግራጫው እያቃሰተ ተነሣ፤ የድሮውን ፊደል ያውቃል። ግን «ጥቁሩ የዘጋውን ጥቁሩ ካልከፈተ አልቀይርም» አለ። ግራጫው አልቀይርም አለ፣ እሱ ካልቀየረ አረንጓዴው አላቀብልም አለ፣ እሱ ካላቀበለ ቀጭኗ አላይም አለች፣ ወረቀቱ ካልወጣ ሽማግሌዎቹ አንመርቅም አሉ፣ ትርንጎም እንደተኳለች ቀረች።

ወደ ጥቁሩ ሄደች። ዳንቴሉን ብትገልጠው፣ ወይኔ! ከሥሩ የአሮጌ መጽሔት ክምር ነው።

«ትርንጎ! ጥቁሩስ?»

«እማዬ… ቤት ሳጸዳ… ትናንት ለልዋጭ ሰጠሁት።»

«በምን?»

«በሳፋ።»

ሙሽራይቱ የገዛ ዘሯን በፕላስቲክ ሳፋ ለውጣ! አያ ቢረሳው እንኳ አማተቡ።

ልዋጩ ጉሊቱ ጥግ ተገኘ። «እትዬ፣ ልዋጭ ልዋጭ ነው» አለ። «ሳፋዬ ይምጣ፣ ዕቃዎት ይሂድ።» ልዋጩ አልሰጥም አለ፣ ጥቁሩ ካልከፈተ ግራጫው አልቀይርም አለ፣ እሱ ካልቀየረ አረንጓዴው አላቀብልም አለ፣ እሱ ካላቀበለ ቀጭኗ አላይም አለች፣ ወረቀቱ ካልወጣ ሽማግሌዎቹ አንመርቅም አሉ፣ ትርንጎም እንደተኳለች ቀረች።

ሳፋው ጓሮ ነው፤ አፉ ድረስ ሽንኩርት ተከትፎበታል። የሰፈሩ ሴቶች ከበውታል፤ አለቃቸው አስካል ናት፣ ምላሷ ከቢላዋዋ የሚብስ።

«አንገለብጥም!» አለች አስካል። «ከንጋት ጀምሮ ያለቀስንበት ነው። ሌላ ዕቃ ሁሉ ሞልቷል፤ የሠርግ ሽንኩርት መሬት ላይ ይደፋ ነው የምትይን?»

ሴቶቹ አንገለብጥም አሉ፣ ሳፋው ካልመጣ ልዋጩ አልሰጥም አለ፣ ጥቁሩ ካልከፈተ ግራጫው አልቀይርም አለ፣ እሱ ካልቀየረ አረንጓዴው አላቀብልም አለ፣ እሱ ካላቀበለ ቀጭኗ አላይም አለች፣ ወረቀቱ ካልወጣ ሽማግሌዎቹ አንመርቅም አሉ፣ ትርንጎም እንደተኳለች ቀረች።

አንጓች ሽንኩርቱን አየች፣ ሴቶቹን አየች።

«አስካልዬ፣ የየትኛው ሠርግ ሽንኩርት ነው?»

ቢላዋ ሁሉ ቀጥ አለ። አስካል ቢላዋዋን አስቀመጠች። ከዚያ የክት ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ መሬት ላይ ዘረጋችው፤ አስካል! ሰው እንዲነካባት የማትፈቅደውን ነጠላ!

«ገልብጡት!» አለች።

ያኔ ሴቶቹ ሽንኩርቱን ገለበጡ፣ ሳፋው ሄደ፣ ልዋጩ ጥቁሩን ሰጠ። ጥቁሩ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ሲበራ ስክሪኑ ባዶ፤ ትእዛዝ ይጠብቃል። አንጓች ትእዛዙ ጠፋት። ዓይኗን ጨፈነች፤ ጣቶቿ ብቻቸውን ሄዱ፣ ቸክ ቸክ ቸክ። ጥቁሩ ከፈተ፣ ግራጫው ቀየረ፣ አረንጓዴው አቀበለ፣ ቀጭኗም ፍላሹን ዋጠችና…

«ልታደስ ነው፣ ጠብቂኝ» አለች።

«ወግጂ!» አለ ቤቱ በሙሉ። አያ ቢረሳው መቋሚያቸውን አነሡ፤ ሰው ያዛቸው። ታድሳ እስክትጨርስ ተጠበቀች። በኋላ ፕሪንተሩ አጓራ፣ ወረቀቱ ወጣ።

አንጓች እያነበበች ሽማግሌው በጣታቸው ቆጠሩ። አንድ ቤት። ሁለት ቤት። ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ሰባተኛው «ወንድይፍራው» ሆነ። ቀጥላ «እንግዳሸት» ስትል ትርንጎ ጮኸች።

አያ ቢረሳው ጣታቸውን አዩት፤ እንደገና ከአንድ ጀምረው ቆጠሩ፤ የራሳቸውንም ወገን ቆጠሩ።

«በሁለቱም በኩል ስምንተኛ ላይ ነው!» አሉ። «ባንዲት ጣት አመለጡ! ልጆች፣ ተነሡና ተመረቁ።»

እልልታው ሲቀልጥ እሳቸው አራቱን ኮምፒውተሮች ትክ ብለው ያያሉ።

«አንጓች፣ እነዚህ ዘመዳሞች ናቸው?»

«አዎ አያ፣ አንዱ የአንዱ ልጅ ነው።»

«አራት ቤት ሳይሞላቸው አያታቸውን ካዱ? አቤት ጉድ!»

ትርንጎ እሁድ ተዳረች። ጥቁሩ አዲስ ዳንቴል ለብሶ ከሽማግሌዎቹ ጎን ከፍ ብሎ ተቀመጠ። የአስካል ነጠላ ግን እስከ ዛሬ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፤ ያላመነ መጥቶ ያሽት።