ከወንዝ ማዶ ያለው ደብር

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። አብሮ አደግ ባልንጀራ ነበረው፤ እሑድ እሑድ በደብራቸው ቅጥር ግቢ ከአንድ ጥድ ሥር ጎን ለጎን ቆመው ያስቀድሳሉ።

የገበሬው አባት ሊሞት ሲል «ለተዝካሬ ጸሎቱ ይድረስልኝ፤ ለነዳያን ዳቦና ንፍሮ ይበቃል» ብሎ ተናዞ ነበር። ልጁ ግን ሰው ምን ይለኛል አለ። ሰው ደግሞ፣ ልጄ፣ መቼም የሚለው አያጣም። ከባልንጀራው ብር ተበድሮ ሰንጋ ጣለ። በላተኛው በልቶ፣ መርቆ፣ አፉን ጠርጎ ሄደ። ዕዳ ከሜዳ ይባላል፤ የዚህ ሰው ዕዳ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ በገመድ ጎትቶ ያመጣው ነው።

በጥር እከፍላለሁ ብሎ ነበር። ስንዴውን ዋግ መታውና ለዘር እንኳ የሚበቃ አላገኘም። ሄዶ «አልሞላልኝም» ቢል ነገሩ ባለቀ። አፈረ። መጀመሪያ የገበያ መንገዱን ለወጠ። ቀጥሎ ከማኅበሩ ቀረ። ባልንጀራው በሩቅ ብቅ ሲል አጥር ዘሎ ይደበቃል፤ ያን የሚያህል ሰውዬ! በመጨረሻ ያንን ጥድ ፈርቶ ከደብሩም ቀረ። ሚስቱ ቀድማ ሞታበታለች፣ ልጅም የለው። ቀኑን ሙሉ የሚያናግረው በሬዎቹን ብቻ ሆነ። ብቸኝነቱ ከዕዳው ይልቅ ከበደው። ታሞ ሲተኛ እንኳ ውኃ የሚያቀብለው አልነበረም፤ ድሮ የሚያቀብለው ያ የሸሸው ሰው ነበርና።

ስቅለት ደረሰ። ስቅለትን ቤት መዋል አልሆነለትም። ነጠላውን ተከናንቦ፣ ማንም እርሱን ወደማያውቅበት፣ ከወንዝ ማዶ ወዳለው ደብር ሄደና ሲሰግድ ዋለ። በስተመጨረሻ ቄሱ በወይራ ዝንጣፊ የምእመኑን ጀርባ እየመቱ ስግደት ሲያዝዙ፣ ከፊቱ ተራ ይዞ የቆመው ሰው ነጠላውን ገለጠ። ባልንጀራው ነው።

«አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለ ገበሬው ደንግጦ።

«እኔን አይተህ ከጥዱ እንዳትሸሽ ብዬ ነዋ! ዞር ብልለት ይመጣል ብዬ ሁለት ወር ሙሉ እዚህ ተመላለስኩ።»

«እኔ እኮ አንድ ቀንም አልሄድኩም።»

«እንግዲያ ጥዱ ሥር ማንም የለም ማለት ነው» አለና ባልንጀራው አለቀሰ። «ብሩን መች ጠየቅኩህ? ሰው አጣሁ እንጂ።»

ወንዙን አብረው ተሻግረው ተመለሱ። ዕዳው አልቀረለትም፤ ዕዳ ዕዳ ነው። በየገበያው ቀን ያለውን፣ አንዳንዴ ጥቂት ብር፣ አንዳንዴ አንድ ቁና ገብስ እየሰጠ በሦስት ዓመት ከፍሎ ጨረሰ። በእነዚያ ዓመታት ግን አንድም እሑድ ብቻውን አልቆመም።

አሁን አንቺ፣ ልጄ፣ «ለልጄ ሰርግ ካበደረችኝ ጎረቤቴ ዓይን ሙሉ ብሯን እስካገኝ ብርቅ ምን አለበት?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሰርጉን የበሉት ዛሬ የት አሉ? በርሽን የሚያንኳኳ አለ? ወደ እኔ ወደ ንስሐ አባትሽ እንኳ የመጣሽው በጓሮ ዞረሽ ነው። ከዚያች ሴት የወሰድሽው ሁለት ነገር ነው፤ ብሯንና ፊትሽን። ብሩን እግዚአብሔር እንደሰጠሽ ቀስ እያልሽ ትመልሻለሽ። ፊትሽን ግን ዛሬውኑ መልሺላት።