ኤሊ ግንዱ ላይ ወጥቶ የተናገረው

ተረት ልነግራችሁ ነው። የቆማችሁ ተቀመጡ፣ የተቀመጣችሁ ተጠጉ፣ መሀል ላይ የምታቋርጡኝ ደግሞ ከአሁኑ ውጡ። ሁለት ጊዜ አልጀምረውም።

ድሮ፣ አውሬና የቤት እንስሳ በአንድ ሜዳ ይውሉ በነበረበት ጊዜ፣ ግንዱም ድንጋዩም አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረበት ጊዜ፣ ከአንድ ትልቅ ዋርካ አጠገብ የኳስ ሜዳ ነበረ። የዋርካው እንስሳት አንድ ቡድን ነበራቸው። የገደሉ ጭላዳዎችም አንድ ቡድን ነበራቸው። በየዓመቱ በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ ሁለቱ ይጋጠማሉ። ያሸነፈ ዓመቱን ሙሉ ይፎክራል። የተሸነፈ ዓመቱን ሙሉ ዳኛውን ይራገማል።

የዋርካው ቡድን አሠልጣኝ ኤሊ ነበር። ጋሽ ኤሊ ይሉታል። ጋሽ ኤሊ መሮጥ አይችልም፣ መዝለል አይችልም፣ ኳስ በእግሩ ነክቶም አያውቅም። ቀስ እያለ ስለሚሄድ ግን ሌላው ሮጦ የሚያልፈውን ሁሉ ያያል። ድምፁ ቀጭን ነው። ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም። ልምምድ አልቆ ሁሉም ወደየቤቱ ሲበተን እሱ ሜዳው ዳር የወደቀ አሮጌ ግንድ አጠገብ ይቀራል። የሚያወራው ከግንዱ ጋር ነው። ግንዱንም ከወደቀ ወዲህ ያነጋገረው ኤሊ ብቻ ነው።

በረኛው ጎሽ ነበር። ጎሽ መሀል ላይ ሲቆም ጎሉ ይሞላል፤ አጥቂው ኳሷን የት እንደሚያሳልፍ ይጨንቀዋል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ቆሟል።

አንድ ቀን ታዲያ ጎሽ ብቻውን ወደ ጋሽ ኤሊ መጣ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ለማንም እንዳይነግሩብኝ።»

«ንገረኝ ልጄ።»

«ዓይኔ ፈዟል። ኳሷን የማያት አፍንጫዬ ሥር ስትደርስ ነው። አሁን እንኳ እርስዎን ያወቅሁዎት በድምፅዎ ነው።»

ጋሽ ኤሊ «ታዲያ ዘንድሮ ለምን አታርፍም?» አለው።

«ካረፍኩ አያ ጅቦ ለምን አረፈ ይላል። አያ ጅቦ ደጋፊያችን ነው፣ ግን ጅብ ነው። ዓይኑ የጠፋ ጎሽ ብቻውን እንደሚያድር ካወቀ አንድ ሳምንት አያቆየኝም። ዝናቡ ሲገባ መንጋዬ ከቆላ ይመጣል። መንጋው መሀል ከገባሁ ማንም አይነካኝም። እስከዚያ ብቻ እንደ ድሮዬ ልቁም።»

«ቁም» አለ ጋሽ ኤሊ። «እኔ ከጎሉ ጎን እሆናለሁ። ግራ ስልህ ወደ ግራ ሂድ። ቀኝ ስልህ ወደ ቀኝ ሂድ። የነገርከኝ እኔ ጋ ይቀራል።»

ይህን የሰማ ግንዱ ብቻ ነበር።

አሁን ልማዱን ልንገራችሁ። ጨዋታው ሦስት ቀን ሲቀረው አሠልጣኙ ግንዱ ላይ ወጥቶ ለደጋፊዎቹ አንድ ቃል ይናገራል። ከጋሽ ኤሊ በፊት የነበሩት አሠልጣኞች «እናደባያቸዋለን፣ ገደል እንሰዳቸዋለን» ይሉና ሕዝቡ ጨፍሮ ይበተናል። ጭላዳ የሚኖረው ገደል ውስጥ መሆኑን ያስታወሰ የለም።

በዚያ ዓመት ጋሽ ኤሊ ግንዱ ላይ ወጣና እንዲህ አለ፦

«ልጆቹ የሚችሉትን ሁሉ ያደርጋሉ። ብንሸነፍ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው። ከእኔ በቀር ማንንም አትጠይቁ።»

ይህን ብሎ መውረድ ጀመረ። ኤሊ ከግንድ እስኪወርድ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም «ምን ሆነሃል?» ያለው አልነበረም። ሁሉም ፊቱን አዙሮ እርስ በርሱ ማውራት ጀምሮ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ደጋፊዎቹ ውኃ መጠጫው ላይ ተሰበሰቡ። አያ ጅቦ አንደኛ ተናጋሪ ሆነ።

«ሰማችሁት? ገና ሳንጫወት ብንሸነፍ አለ። እኔ ልንገራችሁ፣ ይሄ ኤሊ ሸጦናል። ጭላዳዎቹ አንድ እቅፍ ለምለም ሣር አምጥተውለታል።»

«አይተሃል?» አለችው እመት ጦጢት።

«ማየት ምን ያደርግልኛል፣ ይሸተኛል።»

ከውኃው እስከ ግንዱ ድንጋይ ቢወረውሩ ይደርሳል። ጋሽ ኤሊ እያንዳንዷን ቃል ሰማ። ግንዱ «ሂድና ንገራቸው እንጂ» አለው።

«ለአያ ጅቦ? እሱ እንዳያውቅ አይደል እንዴ የተናገርኩት» አለ ጋሽ ኤሊ።

በሁለተኛው ቀን ደግሞ ተሰበሰቡ። ያን ቀን ተናጋሪዋ እመት ጦጢት ነበረች።

«ሞኞች ናችሁ። ነገሩ ተንኮል ነው። ጭላዳዎቹ የፈራን መስሏቸው እንዲዘናጉ ብሎ ነው። ብልጥ ኤሊ።»

«ተንኮል ቢሆን ለእኛ ለገዛ ደጋፊዎቹ ሹክ ይለን ነበር» አለ አያ ጅቦ።

ጦጢት አሰበች። ለእሷ ሹክ ያላለውን ሚስጥር ስታስበው ከፋት። «እውነትህን ነው፣ እኔን እንኳ አላማከረኝም» አለችና እሷም ዞረች።

ግንዱ «ለጦጢት ብቻ ንገራት፣ መጥፎ አይደለችም» አለ።

«ነገር ሆዷ አያድርም» አለ ጋሽ ኤሊ። «ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለች ለዛፉ ሁሉ ታዳርሰዋለች።»

በሦስተኛው ቀን እትዬ አህያ ተነሳች። እትዬ አህያ ከደጋፊዎቹ ሁሉ ቡድኑን የምትወድ ነበረች፤ ሲሸነፍ ሦስት ቀን ሣር አትነካም። ድምፅዋም ከሁሉ ይበልጣል።

«ንቆን ነው» አለች። «ከእኔ በቀር አትጠይቁ ያለው አፋችሁን ዝጉ ማለቱ ነው። ዕድሜ ልኬን እዚህ ሜዳ የጮህኩት እኔ ነኝ። ምነው፣ አያገባኝም?»

እዚህ ላይ ሁሉም ተስማማ። መስማማት ሲመጣ እንዴት እንደሚጣፍጥ ታውቃላችሁ፤ እኔም እዚያ ብሆን እስማማ ነበር። ቃሉም ሦስት ቀን ሙሉ ከአፍ አፍ ሲዞር አድጎ ነበር። መጀመሪያ ቀን «ብንሸነፍ» አለ ተባለ። በሁለተኛው ቀን «እንሸነፋለን» አለ ተባለ። በሦስተኛው ቀን «መሸነፋችን አይቀርም፣ እናንተንም አያገባችሁም» አለ ተባለ። ነገ ሜዳ ሲወጣ እንጩህበት ብለው ተለያዩ።

ያን ቀን ግንዱ ንገራቸው አላለም። «ይከብድሃል?» አለው።

«ይከብደኛል» አለ ጋሽ ኤሊ። «ስድቡ አይደለም። እዚህ ሆኜ እየሰማኋቸው፣ ስለ እኔ እያወሩ፣ ከመሀላቸው አንድ እንኳ ተነስቶ ወደ እኔ ሳይመጣ ሦስት ቀን ሞላ። ይሄ ነው የከበደኝ።»

ግንዱ ግንድ ነውና ተነስቶ ሊያቅፈው አልቻለም።

በማግስቱ ጨዋታው ሆነ። ጋሽ ኤሊ እንደ ልማዱ ግንዱ ላይ መቀመጡን ትቶ ከጎሉ ጎን ሄዶ ቆመ። «አያችሁ፣ በረኛውን እንኳ አያምነውም» አለ አያ ጅቦ።

ጭላዳዎቹ ኳሷን ይዘው መጡ። «ግራ» አለ ጋሽ ኤሊ። ጎሽ ወደ ግራ ሄደ፣ ኳሷ ደረቱን መትታ ተመለሰች።

ጭላዳዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ መጡ። «ቀኝ» አለ ጋሽ ኤሊ። ጎሽ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ኳሷ ቀንዱን መትታ ወጣች።

ፀሐይ አዘቀዘቀች፣ ባዶ ለባዶ ናቸው። ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው አያ ጅቦ ተነስቶ «ኤሊ ይውጣ» ብሎ ጀመረ። ጦጢት ተቀበለች። ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ ተቀበለ። እትዬ አህያ አንገቷን ወደ ሰማይ ዘርግታ ስታናፋ ደግሞ ሌላው ድምፅ ሁሉ ጠፋ።

ጭላዳዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ።

«ግራ» አለ ጋሽ ኤሊ። ጎሽ አልተነቃነቀም። «ግራ፣ ግራ፣ ግራ ልጄ» አለ፤ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። ጎሽ አንዱን ጆሮውን ወዲህ አዞረ፣ ሌላውን ወዲያ አዞረ፣ ያቺን ቀጭን ድምፅ ፈለጋት፣ አላገኛትም። ኳሷ በግራው በኩል እየተንከባለለች ገባች።

ጎል ሆነ። ዳኛው ቁራ ጮኸና ጨዋታው አለቀ።

አያ ጅቦ ጎሹን እያየ ቀስ ብሎ ወደ ሜዳው ገባ። «ይሄ ጎሽ ምን ሆኖ ነው ቆሞ የቀረው? ሕፃን የሚይዛት ኳስ እኮ ናት» አለ። አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ አሸተተ። ጎሹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

ጋሽ ኤሊ መሀላቸው ገባ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ፈጥኖ አያውቅም።

«ቁም ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «እንዳትነቃነቅ ብዬዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቀድሜ ተናግሬያለሁ።»

አያ ጅቦ ጎሹን ረሳ። «ሰማችሁ? በገዛ አፉ» አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር አፌ አይታዘዘኝም። ጭቃ ወረወሩበት። ከዋርካው ጥላ እንዲወጣ፣ ሁለተኛም እንዳይመለስ ፈረዱበት። እትዬ አህያ እያለቀሰች «ሂድልን» አለችው። ጋሽ ኤሊ ጎሹ አጠገብ ሲያልፍ ምንም አላለውም፤ ድምፁን ከሰማ ይከተለኛል ብሎ ፈራ። ግንዱን ግን ዞር ብሎ አየው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ዝናቡ ገባ፣ መንጋውም ከቆላ መጣ። ጎሽ ከመሄዱ በፊት ወደ ግንዱ ሄዶ «ጋሼ፣ ልሰናበትዎት መጣሁ» አለ። መልስ አላገኘም። ጋሽ ኤሊ የሄደ ቀን ጎሹ አላየማ፤ በዚያ ጫጫታ መሀል የፈረዱበትንም አልለየም። «ጋሼ» አለ እንደገና። ግንዱ «የለም፣ ሄዷል» አለው። ግንዱ ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈሰም።

ክረምቱ አልፎ፣ መስከረም ጠብቶ ውኃው ሲጠራ የጎሾች መንጋ ሊጠጣ ወረደ። ዓይኑ የጠፋው ጎሽ በመሀላቸው ነበር። ደጋፊዎቹም እዚያው ስለ አዲሱ አሠልጣኝ ይጨቃጨቁ ነበር። ጎሽ አሁን የሚፈራው ስለሌለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ። ዓይኑን ነገራቸው። ግራና ቀኙን ነገራቸው። የጠፋችበትን ድምፅ ነገራቸው። አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠና ወደ ጫካው ሄደ። ጦጢት ለዛፉ ሁሉ ልታወራ ወጣች። እትዬ አህያ ብቻ እንደቆመች ቀረች።

ከዚያ ጋሽ ኤሊን ልትፈልግ ተነሳች። ሦስት ቀን የሚያስኬድ መስሏት ነበር። ግማሽ ቀን ሳይሞላ ከኮረብታው ጀርባ አገኘችው። ክረምቱን ሙሉ ሄዶ የደረሰው እዚያ ነበር። የፈለገው ሁሉ በማንኛውም ቀን ይደርስበት ነበር።

«ጋሼ» አለችው። አንገቱን አወጣ።

«ጎሹ መንጋው መሀል ገባ?» አላት።

«ገብቷል።»

«እሰይ፣ ደግ ነው» አለና አንገቱን መልሶ ከተተ።

«ጋሼ፣ ለምን አልነገሩንም?»

«እንዴት ልንገራችሁ? ጅቡ መሀላችሁ ነበር። አንቺም ብትሆኚ፣ ስታንሾካሹኪ ሦስት ኮረብታ ይሰማል።»

እትዬ አህያ ጆሮዋ ወደቀ። «መጥተን ብንጠይቅዎትስ ኖሮ?»

ጋሽ ኤሊ ቀስ ብሎ አንገቱን እንደገና አወጣ።

«ብትጠይቁኝም አልነግራችሁም ነበር» አለ። «ብትጠይቁኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር።»

እትዬ አህያ ጀርባዬ ላይ ይውጡና ልመልስዎት አለችው። አልፈለገም። ለግንዱ ደህና ነው በይልኝ ብቻ አላት።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ኤሊ ኮቴ ሲሰማ አንገቱን ይከታል። ፈርቶ እንዳይመስላችሁ። የመጣው እስኪያልፍ ወይም አጠገቡ እስኪቆም እየጠበቀ ነው። ካለፈ አለፈ። ከቆመለት ግን ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ ያወጣዋል።

እንግዲህ አንድ ሰው የተናገረውን ሦስት ቀን ስትተረትሩ ከመዋል ሄዳችሁ ራሱን ብትጠይቁት ይሻላል፤ ባይነግራችሁም ይሻላል። ተረቴ ይሄው ነው። ለተረቱ ዳቦ አልፈልግም። ስትወጡ ግን በሩ አጠገብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ካለ፣ እንዴት ዋልክ በሉልኝ።