በርበሬ የቀመሰ ትምባሆ

በአንድ ወቅት፣ ሰው ሁሉ የራሱን ትምባሆ እያጨሰ የጎረቤቱን በሚያማበት ዘመን፣ ዋንዛ በር የምትባል የቆላ ከተማ ነበረች። የዋንዛ በር ሰው ትምባሆውን እንደ ሌላው አገር በጋያ አይስብም። ቅጠሉን አድርቆ፣ አውራ ጣት በሚያህል ውፍረት ጠቅልሎ፣ ጫፉን በጥርሱ ቆርጦ ነው የሚለኩሰው። ከተሜው ሲጋር ይለዋል፤ እነሱ ጥቅል ይሉታል። ቄሱ በገበያው ሲያልፉ በጋቢያቸው አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ ይይዙና ደግሞ ዘንድሮ የማን ትምባሆ እንደበለጠ ቀስ ብለው ይጠይቃሉ።

የማን እንደበለጠ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቀማሹ። ቀማሹ ገበያው መሃል ካለው ዋንዛ ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ የየገበሬውን ጥቅል ይቀምሳል፣ ይፈርዳል። ከሩቅ የሚመጡት ነጋዴዎች እሱ ያለውን ሰምተው ይገዛሉ። በርጩማዋን ብታዩዋት ምንም አይደለች፤ ሦስት እግር አላት፣ አንዱ ይንገዳገዳል። ግን የሰው የዓመት ልፋት የሚወድቅና የሚነሳው እሷ ላይ በተቀመጠ ሰው አፍ ነው።

ሠላሳ ዓመት እዚያች ላይ የተቀመጠው አቶ ቢረሳው ነበር። እሱ ሲሞት በርጩማዋ በሚስቱ በወይዘሮ ማንጠግቦሽ እጅ ቀረች። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ የቀማሽ ሚስት በርጩማዋን በመከር ገበያ ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ለአንድ ሰው ትሰጣለች። ከሰጠች አትመልስም። ሳትሰጥ ከመሸ ግን ነጋዴዎቹ አህያቸውን ጭነው ቀማሽ ወዳለበት ገበያ ይወርዳሉ፤ የዋንዛ በርም ትምባሆ የፍየል መኝታ ሆኖ ይቀራል።

ቢረሳው ለማን እንደምትሰጥ አልነገራትም። «አንቺ ታውቂያለሽ» ብሏት ዐረፈ። ማንጠግቦሽን ከሞቱ ይልቅ የሚያንገበግባት ይህ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አንድም ቀን አንቺ ታውቂያለሽ ብሏት የማያውቅ ሰው፣ ለዚያች ቀን አቆይቶላት።

በርጩማዋን የሚፈልጉት ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም የቢረሳው የእህቱ ልጆች፣ ሦስቱም በማንጠግቦሽ እጅ ያደጉ። እሷም ሦስቱን ትወዳለች። ሦስቱም ያቃጥሏታል።

ትልቁ አስናቀ ትምባሆን እሳት አያስነካም። የማን እንደሆነ እንዳያውቅ ዓይኑን በሻሽ ያስራል። ጥቅሉን ጆሮው ሥር ጨመቅ አድርጎ ያዳምጣል፣ ያሸታል፣ ከዚያ ከአሥር ይሰጣል። «ስድስት።» አለቀ። ለምን ስድስት ብትሉት «ሰባት ስላልሆነ» ይላችኋል። ለገዛ እናቱ አምስት ሰጥቶ አንድ ሙሉ ዐቢይ ጾም በር ተዘግቶበታል። አምስቱን ግን ስድስት አላደረገም።

መካከለኛው ጥላዬ ቁጥር ሲሰማ ያንቀላፋል። እሱ ለኩሶ፣ ጣቱን እስኪያቃጥለው አጭሶ፣ ከዚያ ይተርካል። «ይሄ ዝናብ ሊጥል ሲል ሮጬ የገባሁበት የሰው ቤት ነው» ይላል። «ባለቤቷ አላወቀችኝም፤ ግን ተቀመጥ አለችኝ።» ገበሬው አፉን ከፍቶ «ታዲያ ጥሩ ነው መጥፎ?» ሲለው፣ «እኔ ምን አውቄ፤ አንተስ እንደዚያ ያለ ቤት ትገባለህ?» ብሎ ይነሳል።

ትንሹ መኩሪያ ደግሞ አያሸትም አይተርክም። ጥቅሉን ኪሱ ከትቶ ወደ ገበሬው ቤት ይሄዳል። ማሳውን ያያል፣ ማድረቂያውን ያያል፣ የልጆቹን ጤና ይጠይቃል፣ የቀረበለትን ይበላል። በሦስተኛው ቀን ሰውየውን ጓሮ ወስዶ በጆሮው አንድ ነገር ይነግረዋል። ምን እንዳለው ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ገበያ ላይ «የእገሌ ትምባሆ እንዴት ነው?» ቢሉት መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እየተሻለው ነው።» ልክ እንደ በሽተኛ።

ማንጠግቦሽ አንድ ቀን ምሳ ላይ ሦስቱን ሰብስባ የአንዱን ገበሬ፣ የወርዶፋን ጥቅል ፊታቸው አኖረች።

«የምጠይቃችሁ ቀላል ነው» አለች። «ይሄ ትምባሆ ጥሩ ነው ወይስ አይደለም?»

«አምስት ተኩል» አለ አስናቀ።

«ግማሿ ምን ሆና ቀረች?» አለ ጥላዬ። «መንገድ ላይ እግሯን አመማት?»

«አንተ ዝም በል» አለ አስናቀ። «ባለፈው የወርዶፋ ትምባሆ የአክስት ለቅሶ ነው ብለህ ሰውየው ገበያ መሃል አልቅሷል።»

«ከዚያስ? ተሽጦለት የለም?»

«መኩሪያ፣ አንተስ?» አለች ማንጠግቦሽ፣ ተስፋዋን ሰብስባ።

«እትዬ፣ የሰውየው ጣራ ያፈሳል።»

«ጣራውን ማን ጠየቀህ?»

«ትምባሆው ከጣራው ሥር ነው ያለው።»

ማንጠግቦሽ ጉርሻዋን መልሳ ትሪው ላይ ጣለች። «ቢረሳው፣ አንተ ዕድለኛ» አለች፣ ወደ ጣራው ቀና ብላ። «ሞተህ ተገላገልክ።»

ከዚያ በኋላ በራሷ ትምባሆ ልትፈትናቸው ቆረጠች። እሷም ከጓሮዋ ታመርታለች፤ ሰው ሁሉ ጥቅሉን በየራሱ ቀለም ክር ያስራል፣ የሷ ክር ሰማያዊ ነው። ክሩን ፈታች፣ ለሦስቱም አንድ አንድ ሰጠች፣ የማን እንደሆነ ግን አልነገረቻቸውም።

ያልነገረቻቸው ግን ሌላም ነገር ነበር። ከወር በፊት፣ ባልተጠበቀ ቀን ዝናብ ሲመጣ፣ በርበሬዋ እንዲደርቅ ደጅ ተሰጥቶ ነበር። በርበሬው የዓመት ወጥ ነው፣ ቅርቡ ጣራ ደግሞ የትምባሆው ማድረቂያ ነው። በርበሬና ትምባሆ አንድ ጣራ ሥር እንደማያድሩ የዋንዛ በር ሰው ገና ጥርስ ሳያበቅል ያውቀዋል፤ ትምባሆ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። ማንጠግቦሽም ታውቃለች። «ለሦስት ቀን ምን ይሆናል» አለችና አስገባችው። የቀማሽ ሚስት እንዲህ አለች፤ አድምጡልኝ።

የመከር ገበያ ሊውል አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ፣ አስናቀ ዋንዛው ሥር ቆመ። ዓይኑን አሰረ፣ ጥቅሉን አሸተተ፣ ሁለቴ አነጠሰ። «በርበሬ አለበት» አለ፣ ገበያው ሁሉ እየሰማ። «ሁለት።» ሰው ሳቀ። የማን እንደሆነ ቢጠየቅ ማንጠግቦሽ መዋሸት አልቻለችም፤ «የኔ ነው» አለች። አስናቀ ሻሹን ፈታ፣ አያት፣ ፊቱ ጠቆረ። «እትዬ፣ ሁለት ነው» አለ ደግሞ፣ አሁን ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ነጋዴዎቹ ከሷ መደብ ራቅ ራቅ አሉ። እሷም በዚያች ሰዓት መሬት ብትውጣት ፈቃዷ ነበር። ነገር ግን ሁለት ሌሎች ገበሬዎች፣ በዚያው ዝናብ በዚያው ስንፍና በርበሬ አስገብተው እስካሁን ያላወጡ፣ ድንጋጤው ይዟቸው ወደየቤታቸው ሮጡና የራሳቸውን ትምባሆ ጨርሶ ሳይበላሽ አተረፉ። አስናቀ ባይናገር ገበያው ሁሉ ያስነጥስ ነበር።

ነጋዴዎቹ ገና ከገበያው ሳይወጡ ጥላዬ ያንኑ ትምባሆ ለኮሰ። በመጀመሪያው እንባው መጣ። በሁለተኛው ጉንጩ ራሰ። ሰው ጣለው ቢለው አልጣለም፤ እስከ ጫፉ አጨሰው። ከዚያ በእጅጌው ፊቱን ጠርጎ «ይሄ የአማት ቤት ነው» አለ። «እያለቀስክ ትወጣለህ፤ በማግስቱ ማንም ሳይጠራህ ተመልሰህ ትሄዳለህ።» ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አንድ ነጋዴ «እስቲ እኔም አማቴን ልጠይቃት» ብሎ ገዛ፣ ሌላው ተከተለ፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ከማንጠግቦሽ መደብ አንድ ጥቅል አልተረፈም። ውሸት አልተናገረም፤ በርበሬውን ማን ደበቀ? ዳሩ ግን ከገዙት መካከል አንዱ ሲያስለው ውሎ ሲያስለው አድሮ በማግስቱ መጣና «እውነተኛዋ አማቴ ትሻለኛለች» ብሎ ሄደ።

መኩሪያ በዚያች ቅዳሜ ገበያ አልታየም። በእጇ ያደገ ነውና አጠቃለሏን ክር ባይኖርበትም ለይቶት፣ ጥቅሉን ኪሱ ከትቶ በቀጥታ ወደ ማንጠግቦሽ ማድረቂያ ሄዶ ነበር። ወለሉ ላይ የበርበሬ ፍሬ አየ። ማንንም አልጠራም። የቀረውን ያልተጠቀለለ ቅጠል ሁሉ አወረደ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ነፋስ ላይ ሰቀለ፣ የማር ውኃ ረጨበት፣ ገለበጠው፣ ደግሞ ረጨው። ስድስት ቀን እንዲህ ዋለ። ፍሬዎቹን ከወለሉ ለቅሞ በጨርቅ ቋጥሮ ማድቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቀለላት፤ «ይሄ እዚህ ነው ቦታው» እንኳ አላላትም። እሷ ቋጠሮውን ስታይ የሳቀች መሰላት፤ ጉንጯን ስትነካው እርጥብ ነው።

የመከር ገበያው ቀን ደረሰ። መኩሪያ ያዳነውን ቅጠል ጠቅልሎ አመጣ። አስናቀ ዓይኑን አስሮ ተቀበለ፣ ጨመቀ፣ አዳመጠ፣ ረጅም አሸተተ። «ስምንት» አለ። «የማን ነው?»

«የእትዬ ነው» አለ መኩሪያ። «እየተሻለው ነው።»

አስናቀ ሻሹን ከዓይኑ ነጠቀው። «አንተ ቀማሽ ነህ ወይስ ሐኪም? የነካካኸውን ትምባሆ ሰጥተህ እኔ ፍርድ የሰጠሁት ለማን ነው፣ ለሷ ነው ላንተ? ደግሞስ የገበያው ሰው በርበሬ ነበረበት ብለህ መች ነገርከው?»

«አንተ ነግረኸዋል እኮ፤ ቅጠሉን ግን ማን ያውርደው?»

«የአማት ቤት አለቀ ወይ?» እያሉ ነጋዴዎች ደግሞ ከሩቅ መጥተው ቆመዋል። ጥላዬ አዲሱን ጥቅል ለኩሶ ሁለት ጊዜ ሳበና በንዴት ተመለከተው። «ጥሩ ነው» አለ። «እንደማንኛውም ጥሩ ነው። አማቷን ገደልካት፣ መኩሪያ። በዚህ አገር ስም ያላት አንዲት ትምባሆ እሷ ነበረች።»

«ሁለት የነበረችውን ነው የምትለው?» አለ አስናቀ።

«ሁለቷን ሰው ከየት ድረስ መጥቶ እንደሚጠይቃት አታይም? ስምንቷን ማን ጠየቃት?»

ሦስቱም ወደ ማንጠግቦሽ ዞሩ። ሰውም ዞረ። ወርዶፋና ሌሎቹ ጣራ የሚያፈስባቸው ገበሬዎች «ለመኩሪያ» ይላሉ። ነጋዴዎቹ ግማሹ «ለአስናቀ፤ ዓይኑን የሚያስር ሰው አይሸነግለንም» ይላል፣ ግማሹ «ለጥላዬ፤ እሱ ባይኖር ማን እዚህ ይመጣል» ይላል። ቄሱ አፍንጫቸውን እንደያዙ «ትምባሆው በቀረ» ይላሉ፣ ግን አይሄዱም።

ማንጠግቦሽ በርጩማዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። ወደ አስናቀ ስታይ ያፈረችበት ቀን ይመጣባታል፤ ያፈረችው ግን በሱ ውሸት አይደለም፣ በራሷ በርበሬ ነው። ወደ ጥላዬ ስታይ ከዚያ ሐፍረት እጇን ይዞ በሳቅ ያወጣት እሱ ነው፤ ግን ያ ሲያስል ያደረው ሰው ይታወሳታል። ወደ መኩሪያ ስታይ ቋጠሮው ትዝ ይላታል፤ ደግሞም ለሁሉም ቤት ስድስት ቀን ከየት ያመጣል፣ ዝም ያለውንስ ነገር ነጋዴው በምን ያውቃል ትላለች።

«ሦስታችሁ አንድ ሰው ሆናችሁ ብትወለዱ ምን ነበረበት» አለች በመጨረሻ።

«እትዬ፣ ፀሐይዋ» አለ አስናቀ።

ፀሐይዋ ዋንዛው ጫፍ ላይ ደርሳለች። ነጋዴዎቹ የአህያውን መጫኛ ማጥበቅ ጀምረዋል። የምትንገዳገደው እግር ደረቷን እየወጋት ነው፤ የሰው ሁሉ የዓመት ልፋት ክንዷ ላይ ነው፣ ከሰጠች ደግሞ መመለስ የለም።

እንግዲህ እናንተ ተከራከሩ፣ ተሰዳደቡም፣ ግን ቶሎ በሉላት። እውነቱን ለተናገረው፣ ከእውነቱ ጣዕም ላወጣው፣ ወይስ እውነቱን ለለወጠው፤ በርጩማዋ የምትገባው ለየትኛው ነው? ብቻ አደራ፣ «አንቺ ታውቂያለሽ» እንዳትሏት።