የአምባዛዋ ልጅ ሆድ

ልጇ የሞተባትን እናት «ደስ ይበልሽ» የሚል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው «ተረት ተረት» ስል «የወንዝ ዳር ምሬት» በሉኝ።

ከቆዳ ፋብሪካ በታች በሚወርድ ወንዝ አንዲት አሮጊት አምባዛ ነበረች። የመጨረሻ ልጇም ሞቶ ተንሳፈፈ። በወንዙ ማን ማንን እንደሚበላ የሚያጠና አንድ ሊቅ ነኝ ባይ ወፍ መጥቶ የሟቹን ሆድ ቀደደ።

«እትዬ አምባዛ፣ ደስ ይበልሽ! ልጅሽ አንድም ዓሣ አልበላም።»

«የሚበላውማ ቀድሞት አልቆ! ምን አገኘህበት?»

«ጥቁር ዝቃጭና ፌስታል። የሌሎቹም ሆድ እንዲሁ ነው። በወንዛችን መበላላት ቀርቶ ሰላም ወረደ ብዬ አስተምራለሁ። አንቺም ይቅር በይና እርምሽን አውጪ።»

አምባዛዋ የልጇን ሬሳ በጢሟ ዳሰሰች።

«ፋብሪካውንም፣ አይቶ ዝም ያለውንም፣ አንተንም፣ ማንንም ይቅር አልልም» አለችው።