ቦራና ወይኖ በአንድ ቀንበር

«ልንገራችሁ ወይስ ልተወው?»

«ንገረን!»

«መሃል ላይ የሚያንቀላፋ አለ?»

«የለም!»

እንግዲያው ጠጋ ጠጋ በሉ። ከብት ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ወንዝም ሲጠሩት «አቤት» ይል በነበረበት ዘመን፣ ደምለው የሚባል ገበሬ ነበር። ሚስቱ ስንዱ ትባላለች። ዘጠኝ ልጆች ነበሯቸው፤ ዘጠኝ! ትልቋ ውባለም ለዳር የደረሰች ናት፤ ትንሹ ገና ዳዴ ይላል። በመሃል ያሉትን ሰባቱን እናታቸው ራሷ ታምታታቸዋለች፤ አንዱን ልትጠራ የሦስቱን ስም ጠርታ ነው የምትደርስበት።

ቤተሰቡ ብዙ ነው፤ እርሻው ግን ከወንዝ በላይ ያለ አንድ ተዳፋት ብቻ ነበር። ያንን ተዳፋት የሚያርሱት ሁለት በሬዎች ናቸው፤ በቀኝ ግንባረ ነጩ ቦራ፣ በግራ አመድ የመሰለው ዳለቻ። ሰባት ክረምት አብረው አረሱ። ቦራ ሲደክመው ዳለቻ ይገፋል፤ ዳለቻ ሲደክመው ቦራ ይገፋል። ሲግጡም ጎን ለጎን፣ ሲያመሰኩም ጎን ለጎን።

በግንቦት፣ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ባራሰ ማግስት፣ ዳለቻ ከዋርካው ሥር እንደተኛ ሳይነሣ ቀረ። አርጅቶ ነበር። ልጆቹ ተላቀሱ። ደምለው ዶማውን አንሥቶ ጉድጓድ መቆፈር ሲጀምር የአገሩ ሰው ሳቀበት።

«ምነው ደምለው፣ በሬ ይቀበራል እንዴ?»

«ሰባት ዓመት ያበላኝን ለጅብ አልሰጥም» አለ ደምለው፤ ቀበረውም።

ይህን አያ ጅቦ ሰማ። ከወንዙ ማዶ ካለው ዋሻው ሆኖ ሆዱን እየደባበሰ ተቀየመ። «የእኔን ራት ለአፈር አበሉት! ግድ የለም፤ የቀረውን በሬ በቁሙ እወስደዋለሁ» አለ።

አንድ በሬ ደግሞ ምን ያርሳል? ሰኔ መጣሁ መጣሁ እያለ ነው። መሬቱ በወቅቱ ካልታረሰ ዘር የለም፤ ዘር ከሌለ ዘጠኙ ልጆች ምን ሊበሉ ነው? ስንዱ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጎረቤቷ ወደ ላቀች ተነሣች። ላቀች ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ያላት አንድ በሬ፣ እሱም ወይኖ የሚባል ጎረምሳ ነው። ሁለቱ ሴቶች መንገድ ላይ ተገናኙ።

«እትዬ ላቀች፣ ወደ እርስዎ ነበር የምመጣው። በሬዎን ከበሬያችን ጋር እናቀናጀው። አንድ ቀን የእርስዎን፣ አንድ ቀን የእኛን እንረስ» አለች ስንዱ።

ላቀች ሳቀች። «እኔስ ወዴት የምሄድ መሰለሽ? ይህንኑ ልለምንሽ ነው የወጣሁት። ወይኖዬ ግን ልጅ ነው፤ ጉልበት አለው እንጂ ልብ አልገዛም።»

በነጋታው ወይኖን አምጥተው በግራ ጠመዱት።

«እንደምን አደርክ፣ አያ ቦራ!» አለ ወይኖ።

ቦራ አልመለሰለትም። ደምለው «ሂድ!» ሲል ወይኖ ሄደ፤ ቦራ ግን ትልሙ መሃል ዘፍ ብሎ ተኛ።

«ኧረ ተነሣ! ወገቤ ተቆረጠ!» ብሎ ቀንበሩ ጮኸ።

«የግራው ቦታ ባለቤት አለው» አለ ቦራ።

ያን ቀን ሳይታረስ ዋለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ጅቦ ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። «አይዞህ ወንድሜ» አለ ድምፁን አለስልሶ። «ዳለቻን በአንድ ሳምንት ረሱት አይደል? እኔ ብሆን አላርስላቸውም።»

በሁለተኛው ቀን ደግሞ ጠመዷቸው።

«እንደምን አደርክ፣ አያ ቦራ!»

ቦራ አልመለሰለትም። ደምለው «ሂድ!» ሲል አሁን ቦራ አልተኛም፤ ሮጠ። ወይኖን እየጎተተ፣ ትልሙን እያጣመመ ሮጠ። ሞፈሩ ቋ! ብሎ ተሰነጠቀ።

«ቀጥ ብዬ ያደግሁ ዛፍ ነበርኩ! ምን አድርጌያችሁ ነው?» ብሎ ሞፈሩ አለቀሰ።

ደምለው ጅራፉን አነሣ፤ ቦራን አየው፤ መልሶ ጅራፉን ጣለው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ያዘ። ልጆቹ አባታቸውን እንዲህ ሆኖ አይተውት አያውቁም፤ ዙሪያውን ተኮለኮሉ።

ማታውን አህያዋ ከበረቱ ጥግ ቦራን ታዘበችው። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ብቻዬን ስሸከም፣ ጓደኛሽ የት አለ ብሎ የጠየቀኝ አለ?» አለች። ቦራ ጆሮውን አዞረባት።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ጉሙ ገና ሳይገለጥ፣ አያ ጅቦ እስከ አጥሩ ድረስ መጣ።

«ቦራ! ዳለቻን ማዶ አየሁት። ሣር ይግጣል። ስምህን ጠራ።»

«ሲቀበር አይቻለሁ እኮ» አለ ቦራ።

«እዚህ የተቀበረ በሬ እዚያ ማዶ ነው የሚነሣው። ይህን ሳታውቅ ነው ያረጀኸው?»

ቦራ ውሸት እንደሆነ ልቡ ያውቅ ነበር። ግን እንዲያው አንዴ፣ አንዴ ብቻ እውነት ቢሆንስ? አጥሩን በቀንዱ ገፋና ወጣ። ወንዙ ጉልበቱ ድረስ ነበር።

«ወዴት ነው በጠዋት?» አለው ወንዙ።

«ማዶ።»

«ተራራው ጠቁሯል። ቶሎ ተመለስ።»

ቦራ አልሰማውም፤ ተሻገረ። ማዶ ሣር አለ፤ ዳለቻ የለም። ወዲህ አየ፣ ወዲያ አየ፤ የለም።

«ዳለቻስ?» አለ።

«ትንሽ ጠብቅ» አለ አያ ጅቦ እየሳቀ። «ዘመዶቼ ይምጡና አብረን እንፈልገዋለን።»

ይህን ጊዜ ተራራው ላይ ሰማዩ ተቀደደ። ወንዙ እያጓራ፣ ግንድ እየተሸከመ፣ ጭቃ እየለበሰ ሞላ። ቦራ ጀርባውን ለአለት ሰጥቶ ቆመና «እምቧ!» አለ።

መጀመሪያ የሰማችው ውባለም ናት። የተገፋውን አጥር አይታ ኮቴውን እየተከተለች ነበር። «እማዬ! አባዬ! ቦራ ማዶ ነው!» ብላ ተጣራች። ያን ጊዜ ቤቱ ባዶውን ቀረ። ትልልቆቹ ትንንሾቹን እየጎተቱ፣ ስንዱ ሕፃኑን አዝላ፣ ሁሉም ወደ ወንዝ ወረደ። ላቀችም ለእርሻ ያመጣችውን ወይኖን እየሳበች ደረሰች።

ደምለው ሱሪውን ሰብስቦ ሊገባ ሲል ስንዱ ጋቢውን ጨምድዳ ያዘችው።

«ዘጠኝ ልጅ አሸክመኸኝ ልትሄድ ነው?»

«ታዲያ ዝም ብዬ ልየው?»

ስንዱ ወደ ወንዙ ዞረች። «እባክህ ቀንስልን!»

«እመት ስንዱ» አለ ወንዙ፣ «ከላይ የመጣውን ነው የምወስደው፤ መቀነስ በእጄ አይደለም። ግን ከሾላዋ በታች ሰፊ ነኝ፤ እዚያ ጥልቀት የለኝም። አራት እግርና ጉልበት ያለው ይሻገረኛል።»

«እኔ ልሂድ» አለ ወይኖ።

ሁሉም ላቀችን አዩ። ላቀች አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ያላት እሱ ብቻ ነው። እሱን ውሃ ከወሰደው እርሻዋም ጎጆዋም አብሮ ይሄዳል። ስንዱም አልለመነቻትም። ላቀች የወይኖን ግንባር ዳበሰችና «ሂድ ልጄ፤ ተመለስልኝ ብቻ» አለች።

የቤቱን ገመድ ሁሉ ሰበሰቡ። የጭድ መጫኛውን፣ የጥጃውን ማሰሪያ፣ መጨረሻ ላይ የስንዱን መቀነት ቀጣጥለው ወይኖ አንገት ላይ አሰሩ።

«እኔ የተገመድኩት ለጭድ ነው» አለ መጫኛው እየተንቀጠቀጠ። «ግን ያዙኝ እንጂ እኔም እይዛለሁ።»

ወይኖ ገባ። ውሃው ደረቱን መታው፤ አልቆመም። ሲወጣ ጅቦቹ ሦስት ሆነዋል፤ ቦራ ቀንዱን ወዲያና ወዲህ ይሰብቃል። ወይኖ አንዱን ጎኑ ላይ ደልቆ ገለበጠው፤ ሁለቱ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ለምን መጣህ?» አለ ቦራ እያለከለከ። «እኔ ሰላምታህን እንኳ አልመለስኩልህም።»

«በዚህ አገር እንዳንተ የሚያርስ የለም ሲሉ ሰማሁ። እኔ ማረስ አልችልም። አንተን ጅብ ከበላህ ማን ያስተምረኛል?»

ወይኖ ዓይኑን ከጅቦቹ ሳይነቅል ቀጠለ።

«ዳለቻን አላውቀውም፣ አያ ቦራ። ቦታውን ልቀማው አልመጣሁም። ግራ በኩል አቆሙኝ፤ ቆምኩ።»

ቦራ ማዶውን አንድ ጊዜ ዞሮ አየው፤ ሣሩን፣ ጉሙን። ከዚያ ወደ ወይኖ ተጠጋ። «እኔ ከላይ በኩል ልሁን» አለ። «ውሃውን እኔ እሰብርልሃለሁ። ትከሻህን ከትከሻዬ አታርቅ።»

ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ገቡ። መሃል ላይ ቦራ አዳለጠው፤ ወይኖ ገፍቶ አቆመው። ትንሽ ሄደው ወይኖ ተንገዳገደ፤ ቦራ ደግፎ አቆመው። ወዲህ ማዶ ደምለው «ሳቡ!» ይላል፤ ልጆቹ ይስባሉ፤ ላቀችም ሥዕለት እየተሳለች ትስባለች። ገመዱ እየጠጠረ፣ እግራቸው ጭቃ እየቆፈረ፣ ሁለቱን በሬዎች ከዳር አወጧቸው። ልጆቹ የእርጥብ በሬ አንገት ላይ ተንጠለጠሉ።

አያ ጅቦ ግን ሆዱ አሸነፈውና ተከትሎ ገባ። መሻገሪያው ከሾላዋ በታች መሆኑን ማን ይንገረው? ጥልቁ ላይ ገብቶ ወንዙ እያንከባለለ ሁለት መታጠፊያ ወስዶ ጣለው። ከነሕይወቱ ወጣ፤ ሦስት ቀን ግን ሲያስነጥስ ሰነበተ፤ ዋሻውንም ቀይሮ ሄደ።

በነጋታው ጠዋት ጠመዷቸው።

«እንደምን አደርክ፣ አያ ቦራ!»

«እግዜር ይመስገን። ቀኝ እግርህን አታስቀድም፤ ከእኔ እኩል አንሣ» አለ ቦራ።

አረሱ። በጠፍር የታሰረው ሞፈር እንኳ «አሁን ነው የሚሻለኝ» አለ። አንድ ቀን የስንዱን፣ አንድ ቀን የላቀችን አረሱ፤ ዘሩም ሳይረፍድበት መሬት ገባ። በሐምሌ ዝናቡ በረታ፤ ቡቃያው ወጣ። በነሐሴ ልጆቹ በሰልፍ ሆነው አረሙ፤ ከአረሙ ይልቅ እርስ በርሳቸው ጭቃ የተቀባቡት ይበልጣል። በመስከረም የማማው ተራ ደረሰ። የዝንጀሮዎቹ አለቃ በቆሎው ዳር ቆሞ «ዘጠኝ ናችሁ፤ ዘጠኝ እሸት ብንወስድ ምናችሁ ይጎድላል?» ብሎ ሊያግባባ ሞከረ። ውባለም ከማማው ላይ ወንጭፏን እያሽከረከረች «እኛ እንኳ አልጠገብን፣ ሂድ ወዲያ!» አለችው። ከጥበቃው መልስ ደግሞ አበባ የለበሰውን ቁልቁለት በቅጠል ላይ ተቀምጠው እየተንሸራተቱ ነበር የሚወርዱት፤ የሱሪያቸውን መቀመጫ ስንዱ ስትጥፍ መስከረም አለቀ።

በኅዳር አጨዱ። በጥር የሁለቱን ቤት እህል በአንድ አውድማ ከመሩት። ቦራና ወይኖ ነዶውን እየረገጡ ይዞራሉ፤ ነፋሱም «ወደ ላይ ወርውሩት፣ ገለባውን እኔ እወስደዋለሁ» ይላል። ላቀች በመንሽ ስታነሣ፣ ደምለው ሲሰፍር፣ ስንዱ ጠላ ስታቀብል፣ ሕፃኑ ዳዴውን ትቶ ምርቱ ላይ ሦስት እርምጃ ተራመደ። «ሄደ! ሄደ!» ብለው ሁሉም ጮኹ።

እኩለ ቀን ላይ በሬዎቹን አሳረፏቸው። ጎን ለጎን ተኝተው ሲያመሰኩ ወይኖ ፈራ ተባ እያለ ጠየቀ።

«አያ ቦራ፣ ዳለቻ ምን ዓይነት በሬ ነበር?»

ቦራ ማመስኳቱን አቆመ። ከግንቦት ወዲህ ስለ ዳለቻ ለማንም አውርቶ አያውቅም።

«ትልቅ በሬ ነበር» አለ። «ድንጋይ ቢመታው አይደነግጥም፤ ነጎድጓድ አይፈራም። ግን …»

«ግን ምን?»

«እንቁራሪት ይፈራ ነበር።»

«እንቁራሪት?»

«ትልም ውስጥ አንዲት እንቁራሪት ዘለለች እንበል፤ እኔን፣ ቀንበሩን፣ ደምለውን ይዞን ይሮጣል!»

ወይኖ ሳቀ። ቦራም ሳቀ፤ አፉ ውስጥ የነበረው ሣር እስኪረግፍ ሳቀ። ከዚያ ሌላ ነገር፣ ከዚያም ሌላ ነገር ነገረው፤ ደምለው ሊያስነሣቸው መጥቶ ጥቂት ቆሞ አያቸውና ተመልሶ ሄደ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ በሞተው ማዘን ደግ ነው፤ በእሱ ምክንያት ያለውን መግፋት ግን ደግ አይደለም። የሄደውን የሚወድ ልብ ለመጣውም ቦታ አያጣም።

እኔ ጨረስኩ። ተረቴን ፈትቼ ለቀቅኋት፤ ያገኛት ይጥመዳት።