ቁርበት የለበሰው ሶላር

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በማይደፍረው አንድ የቆላ አገር፣ አራዊቱ ሁሉ ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ ይጠጡ ነበር። ውሃውን የሚስበው በናፍጣ የሚሠራ አሮጌ ሞተር ነው። ሞተሩ ሲነሳ ያስላል፣ ያጓራል፣ በቆመው ሁሉ ፊት ላይ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ከዚያ ደስ ካለው ውሃ ይሰጣል። ደስ ካላለው ነገ መመለስ ነው።

ናፍጣውን የሚያቀርበው ቀበሮ ነበር። ቀድሞ ቀበሮ ብቻ ነበር የሚባለው፤ «አቶ ቀበሮ» የሆነው ናፍጣ መነገድ ከጀመረ ወዲህ ነው። ለአንድ ጀሪካን ሁለት ቆቅ ይቀበላል። ከከተማ ድረስ ተሸክማ የምታመጣው ግን እመት አህያ ነበረች። ሁለት ቀን መሄጃ፣ ሁለት ቀን መመለሻ፣ በጀርባዋ ላይ አራት ጀሪካን። ጀርባዋ ከመገጣጠቡ የተነሳ ዝንቦቹ እንኳ ተራ ይዘው ነበር የሚያርፉበት።

የአገሩ ገዥ አንበሳ ጭሱም ጩኸቱም ሲያንገሸግሸው፣ በዝሆን በኩል ሶላር አስመጣ። ዝሆን ወሬ የማያበዛ ባለሙያ ነው። ሰፊውን ጥቁር መስታወት ጉድጓዱ አጠገብ በአራት ብረት ላይ አቆመ፣ ገመዱን ከአዲሱ ፓምፕ ጋር አገናኘ። ሲጨርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር።

«ሳምንት ሞክሩት» አለው አንበሳን። «ካልሆነላችሁ ላኩብኝ፤ ነቅዬ ለማዶው መንደር እተክለዋለሁ። አሁን ሁላችሁም ተሰብሰቡና አጠቃቀሙን ላስረዳችሁ። አጭር ነው።»

በዚህ መሀል የምርቃቱ ግብዣ ሽታ መጣ። ለእነ አንበሳ ሥጋ፣ ለእነ ሚዳቋ ለምለም ሣር ቀርቧል። የሁሉም አፍንጫ ወደዚያ ዞረ፣ ጆሮም አፍንጫን ተከትሎ ሄደ።

«እናንተ ብሉ» አለ ቀበሮ በትሕትና። «ሥልጠናውን ስለ ሁላችሁም እኔ እወስዳለሁ።»

«እግዜር ይስጥህ!» ብለው ሮጡ። አያ ጅቦማ «እናንተ» የሚለውን ሲሰማ ነበር የሄደው።

ዝሆን ለቀበሮ ብቻ እንዲህ አለው፦ «ፀሐይ በደንብ ትምታው። ጠዋት ጠዋት አቧራውን ጥረጉለት። ሌላ ምንም አይፈልግም። ከእንግዲህ ናፍጣ የሚባል ነገር ትረሳላችሁ።»

ናፍጣ ከቀረ ቆቁም ሊቀር ነው፤ ቀበሮ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ።

በማግስቱ ጠዋት ቀበሮ ሰፊ የበሬ ቁርበት ተሸክሞ አንበሳ ፊት ቀረበ።

«ጌታዬ፣ ባለሙያው አደራ ብሎኛል። ይህ ውድ ዕቃ ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል። ቁርበቱ የራሴ ነው፤ ለአገር ጉዳይ አልሰስትም።»

አራዊቱ አጨበጨቡ። አዲስ ዕቃ ሸፍኖ ማስቀመጥ የሚወድ አገር ነው። ጦጢት ካቻምና ያገኘችውን የፊት መስታወት እስከ ዛሬ ከጨርቁ ውስጥ አላወጣችውም፤ ፊቷን የምታየው ኩሬ ላይ ሄዳ ነው።

እመት አህያ ግን ያን ጊዜ ከከተማ መግባቷ ነበር፣ ጀሪካኖቹም ገና ከጀርባዋ አልወረዱም።

«ይቅርታ፣ አቶ ቀበሮ» አለች። «የፀሐይ ኃይል ነው አልተባለም እንዴ? ፀሐይ ካላየ በምን ይሠራል?»

«አይ እመት አህያ!» አለ ቀበሮ እያዘነላት። «ፀሐዩ እኮ ውስጡ ነው። ታሽጎ ነው የመጣው። ከከፈትነው ተንኖ ያልቅብናል።»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። «ምን ታድርግ፣ አህያ ናት!» አለች ጦጢት። እመት አህያ ጆሮዋን ጥላ ባዶ ጀሪካኖቿን ተቀበለችና ወደ ከተማ ተመለሰች።

ቀበሮ አያ ጅቦን ጠባቂ አድርጎ ቀጠረው፤ ደመወዙ በቀን አንድ አጥንት ነው።

«ክዳኑን የነካውን ሁሉ ትበላለህ» አለው።

«ማንም ካልነካውስ?»

«አጥንትህን ትበላለህ።»

«ሁለቱንም ብበላስ?»

«ዝም ብለህ ጠብቅ» አለ ቀበሮ።

ፓምፑ አንድ ቀን ዝም አለ፣ ሁለት ቀን ዝም አለ። «ገና ከአገሩ አየር ጋር እየተለማመደ ነው» ይላል ቀበሮ። ሞተሩ ማሳሉን ቀጠለ፣ ጀሪካኑም ሦስት ቆቅ ገባ።

በአምስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ እመት አህያ ተመልሳ ጉድጓዱ ዳር ደረሰች። አያ ጅቦ ቁርበት ሥር ተቀምጦ አምስት ቀን ሙሉ ሽታውን ሲምግ ከርሞ፣ አሁን ከራሱ ጋር ይሟገት ነበር።

«ጠርዙ ክዳን አይባልም» አለ። «ጠርዝ ነው።» እናም ጠርዙን ዘነጠለው።

መስታወቱ አንድ መዳፍ ያህል ተገለጠ። ያን ጊዜ ፓምፑ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው አጉረመረመና ጠብ፣ ጠብ አደረገ። አያ ጅቦ እያኘከ ስለነበር አልሰማም። እመት አህያ ግን ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች አሏት። አያ ጅቦ አኝኮ ሲጨርስ ቁርበቱን ጎትቶ የተገለጠውን ሸፈነ፣ ፓምፑም ቆመ።

ሄዳ ብትናገር ይስቁባታል። ክዳኑን ራሷ ልግፈፈው ብትል ጠባቂው ጅብ ነው፤ እሷ ደግሞ አህያ ናት። የቀረውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ማሰብ ጀመረች።

በሰባተኛው ቀን አንበሳ ሸንጎውን በጠራራ ፀሐይ ጉድጓዱ ዳር ሰበሰበ። ሶላሩ ይቆይ ወይስ ለዝሆን ይላክበት የሚለው የሚወሰነው ዛሬ ነው። ከሄደ፣ እመት አህያ እስክትሞት ናፍጣ ተሸካሚ ናት፤ መሞቻዋም ሩቅ እንዳልሆነ ጀርባዋ ይነግራታል።

«የዛሬው አጥንቴስ?» አለ አያ ጅቦ።

«ከስብሰባው በኋላ» አለው ቀበሮ። የመጨረሻ ቀን ስለሆነ አጥንት ማባከን ምን ያደርጋል ብሎ ነው። ከዚያ ጀርባውን ለሶላሩ ሰጥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ንግግሩን ጀመረ።

«የተከበሩ ጌታችን አንበሳ፣ የተከበራችሁ አራዊት! እኔ ይህን ሶላር እንደ ልጄ ነው የተንከባከብኩት። ዳሩ ግን ለአገራችን አልተፈጠረም። ይነቀል! አመሰግናለሁ።»

ንግግሩ አጭር ሆነ። ከኋላው አያ ጅቦ የቁርበቱን አንድ ጥግ ብቻ ነበር የጨረሰው። እመት አህያ ኮቴዋን አነሳች።

«አቶ ቀበሮ፣ እኔ አህያ ነኝ፣ ቶሎ አይገባኝም። ከመጀመሪያው ቢያስረዱኝ?»

ቀበሮ ደስ አለው። ከመጀመሪያው ጀመረ፣ በዚህ ላይ የናፍጣን ታሪክ ጨመረበት። አንበሳ እንደ ገዥዎች ወግ ዐይኑን ጨፍኖ ማዳመጥ ጀመረ። ሚዳቋ አንቀላፋች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ከኋላ «ቅርጥም፣ ቅርጥም» ይሰማል።

«‹ታሽጎ ነው የመጣው› ካሉት ወዲህ ያለው ጠፋብኝ» አለች እመት አህያ።

ቀበሮ እሱንም ደገመ። ቁርበቱ እኩሌታ ደርሷል፣ ፓምፑም በለሆሳስ ማጉረምረም ጀምሯል።

«አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ብቻ። ናፍጣ ከፀሐይ የሚበልጥበትን ምክንያት ቢዘረዝሩልኝ?»

«ምክንያቱ ሰባት ነው!» አለ ቀበሮ ደረቱን ነፍቶ። አንደኛ አለ፣ ሁለተኛ አለ፣ አራተኛው ላይ ራሱም ጠፋበትና ወደ ሁለተኛ ተመለሰ። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ከቁርበቱ የቀረው ጅራቱ ብቻ ነበር። አያ ጅቦ ጅራቱን ዋጠና አፉን ጠረገ።

«ሰባተኛ» አለ ቀበሮ፣ «ከዚህ ፓምፕ አንዲት ጠብታ ውሃ እንኳ...»

ውሃው ገንፍሎ ወጥቶ ከጆሮው እስከ ጅራቱ አራሰው።

አንበሳ ደንግጦ ነቃ። «ሞተሩን ማን አስነሳው?»

«ማንም አላስነሳው፣ ጌታዬ» አለች እመት አህያ፣ እንባዋ እየመጣ። «ፀሐይ ናት።»

«እኔ ክዳኑን አልበላሁም!» ብሎ ጮኸ አያ ጅቦ። «ጠርዙን ብቻ ነው። ጠርዙ ግን ሰፊ ነበር።»

አንበሳ ባዶውን መስታወት፣ ከዚያ የሚንቆረቆረውን ውሃ፣ ከዚያ የራሰውን ቀበሮ ተመለከተ። «ባለሙያው እውነት ምን ነበር ያለህ?» ሲል ጠየቀው። ቀበሮ የራሰ ጅራቱን እግሮቹ መሀል ሸጉጦ ወደ ኋላ አፈገፈገ። አራዊቱም ያን ቀን ግብዣው ላይ እንደነበሩ ትዝ ስላላቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው ውሃቸውን ጠጡ።

ፍርዱ ተሰጠ። የተረፉት ጀሪካኖች በሙሉ በቀበሮ ጀርባ ወደ መጡበት ከተማ ይመለሳሉ። የመጀመሪያውን የጫነችለት እመት አህያ ናት።

«ከበደኝ!» አለ ቀበሮ እየተንገዳገደ።

«ገና ነው» አለችው። «ዳገቱን አላየኸውም።»

አያ ጅቦ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ሶላሩ ዘንድ እየመጣ፣ «ለጥንቃቄ ያህል ሌላ ክዳን አያስፈልገውም?» ብሎ ይጠይቃል ይባላል።

ከዚህ የምንማረው፣ አዲስ ነገር መጥቶ ጥቅሙ የሚቀርበት ሰው ከሁላችን በላይ ሲሳሳለት ካየን፣ ግብዣውን ትተን ክዳኑን ገልጠን ማየት እንዳለብን ነው።