የጅቡ መኪናና ትልቁ ቱርቦ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ መኪና መንዳት በለመዱበት አገር፣ ትንሽ የቤት መኪና ያለው ጅብ ይኖር ነበር። መኪናዋ አትፈጥንም፤ ግን አታስቸግርም። ሚስቱን ጅቢትንና ልጆቹን ጭኖ ገበያ ደርሶ ይመለስባታል።

አንድ ቀን ነብር ለእሽቅድምድም ተብላ የተሠራች መኪና ገዝቶ መጣ። ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጣችው። ጅብ አይቶ ምራቁን ዋጠ።

«አያ ነብሮ፣ እንዴት ገዛሃት?»

«ለዓመታት ያደንኩትን ሁሉ ሸጬ ነዋ!»

ጅብ ደነገጠ። ዋሻ ሙሉ ቋንጣ ነበረው፤ ግን ሁሉንም መስጠት አልፈለገም። ስለዚህ ጅቢትን ይዞ ወደ ቀበሮ ጋራዥ ሄደ።

«እመት ቀበሮ፣ የኔን መኪና እንደ ነብር መኪና ታደርጊልኛለሽ?»

«ምን ችግር አለው! ሞተሯ ላይ ጉልበት የሚጨምርላት ቱርቦ እንገጥማለን። ዋጋው ከነብር መኪና ጋር ሲተያይ ምንም ማለት አይደለም። ትንሹ ይሁን ወይስ...»

«ትልቁ!» አለ ጅብ ሳያስጨርሳት።

ጅቢት ግን መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየችና «ፍሬኗስ? ያን ሁሉ ጉልበት ይችላል?» ስትል ጠየቀች።

«ፍሬን ለመቆም ነው። እኔ የምከፍለው ለመሄድ ነው» አላት ባሏ። ቀበሮ መፍቻዋን አነሣች።

ቱርቦው ተገጠመ። ጅብ ነዳጅ ሲረግጥ ጀርባው ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ፤ ከደስታው ብዛት ጮኸ። ብዙም ሳይቆይ ግን ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ።

«ጉልበቱ በዝቶበት ነው፤ ጠንካራ እንቀይርለት» አለች ቀበሮ።

ተቀየረ። ቀጥሎ ካምቢዮው ተሰበረ። ከዚያ ሞተሩ እየጋለ አስቸገረና ትልቅ ራዲያተር ተገዛ። ጅብ በየጊዜው ቋንጣ ተሸክሞ ወደ ጋራዡ ይመላለሳል። የልጆቹ እራት እየሳሳ ሄደ።

«ለቀበሮ የሰጠኸው እኮ ነብር ለመኪናው የከፈለውን ሊደርስ ምንም አልቀረው!» አለች ጅቢት ተቆጥታ።

«ግቢና ሩጫዋን እይ፤ ከዚያ ትፈርጃለሽ» ብሎ ጎኑ አስቀመጣት።

ቁልቁለቱ አናት ላይ ነብርን ጠብቆ ተከተለው። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ደረሰበት። «አየሽ! አየሽ!» እያለ ሲጮህ መታጠፊያው መጣ። ነብር ፍሬን ያዘ፤ መኪናው ዝግ አለችና መንገዱን ይዛ ታጠፈች። ጅብም ፍሬን ረገጠ። ፍሬኑ ጨሰ፤ ጎማዎቹ ተንሸራተቱ፤ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ የማሽላ ማሳ ጥሳ ቦይ ውስጥ ገባች። የጅቢት እግር ተሰበረ።

ነብር ተመልሶ ጅቢትን ወጌሻ ዘንድ አደረሳት። መኪናው ከሁለት በላይ አትይዝምና ጅብ እያለቀሰ ከኋላ በሩጫ ተከተለ።

«ያንተዋ እንዴት ታጠፈች?» አለው ሲደርስ።

«ስትሠራ ሞተሯ፣ ፍሬኗና ጎማዋ አብረው ታስበዋል። መሪውን ስነካው ሐሳቤን ታውቃለች» አለ ነብር። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግን ነዳጅ አይበቃትም። ኮረኮንች ላይ ሆዷን ድንጋይ ይመታታል፤ ዕቃም አትጭንም። ለደስታዬ ነው የያዝኳት፤ ገበያማ በእግሬ ነው የምሄደው» አለው።

ጅብ በማግስቱ ቀበሮ ጋር ሄደ።

«ፍሬኑ እንደማይችል እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጅቢት ነግራህ የለ እንዴ?» አለች ቀበሮ።

ጅብም ከቦይ የወጣችውን መኪናውን አስጠገነ። ቱርቦውን አስፈትቶ በምትኩ ደህና ፍሬንና አዲስ ጎማ አስገጠመ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን እግሯ የታሰረውን ጅቢትን ከኋላ ወንበር ላይ አጋድሞ፣ ልጆቹን አጠገቧ አስቀምጦ፣ ቁልቁለቱን ቀስ እያለ ወረደ።

ከዚህ የምንማረው፣ ያለንን ነገር ለማሻሻል ስንነሣ ለምን ሥራ እንደምንፈልገው አስቀድመን መለየትና ወጪውን ከነተከታዩ ማሰብ እንዳለብን ነው።